የሞላ ስልክና የአባት ድምፅ

ከባሕር ዳር ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ዘንዘልማ የምትባል ስፍራ አለች፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኝባት ናት። በዚያ የሚኖር አንድ መምህር የእጅ ስልኩ ሞልቶበት እጅግ ተቸገረ። የባንኩ መተግበሪያ «ካልታደስሁ አልሠራም» አለው፤ ሊያድሰው ቢሞክር ደግሞ ስልኩ «ቦታ የለኝም» ብሎ መለሰለት። ደመወዙ በባንክ ተቀምጦ ሳለ እርሱ የቤት ኪራዩን ለመክፈል ከሰልፍ ሊቆም ሆነ።

ስልኩ የ32 ጊጋባይት ነው። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ለገዢው የሚቀር አይደለም፤ ስልኩ የሚተዳደርበት ሥርዓት ከፊሉን አስቀድሞ ይወስዳል። የተረፈውንም የሞላው መምህሩ ራሱ አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱ የታወቀ ነው። መስመሩ በተመለሰ ጊዜ ከዕድሩ፥ ከመምህራኑ፥ ከዘመድ አዝማዱም የሚላከው ቪዲዮ እንደ ክረምት ጎርፍ ገባ። ቴሌግራም የሚባለውም የታየውን ሁሉ ቅጂውን በስልኩ ውስጥ ያኖራልና፥ ሰው አንድ ጊዜ ስቆ ያለፈው ነገር ባለቤቱ ሳያውቀው ተደብቆ ይቀመጣል።

መምህሩ በመጀመሪያ ያደረገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያየ፥ በእያንዳንዱም እያዘነ፥ ሁለት መቶ ያህል አጠፋ። ቦታው ግን አልሰፋም። በብዙ ስልኮች የጠፋ ፎቶግራፍ ወዲያው አይጠፋም፤ ቅርጫት በሚባለው ክፍል 30 ቀን ያህል ይቆያል፥ በዚያም ሳለ ቦታውን አይለቅም። ለችኩል ሰው የተሰጠ የንስሐ ጊዜ ነው ቢባል አይበዛበትም። መምህሩም ተጠቅሞበት የልጆቹን ፎቶግራፍ መለሰ።

በማግሥቱ በግቢው የተከራየ አንድ የኮሌጁ ተማሪ ስልኩን ተቀብሎ ማከማቻ የሚለውን ክፍል ከፈተና፥ «መምህር፥ ፎቶውን ይተዉት፤ የሚበላዎ ይህ ነው» ብሎ አሳየው። ቴሌግራም ብቻውን 9 ጊጋባይት ይዞ ነበር። ተማሪውም «ሁሉንም ባንድ ጊዜ እናጽዳው፤ ፋይሉ በቴሌግራም ቤት ስላለ በፈለጉ ጊዜ መልሰው ያወርዱታል» አለ።

ይህ ቃል እውነት ነው፤ ልጁም የተናገረው በቅንነት ነው። ነገር ግን መምህሩ እጁን ያዘው።

«ኢንተርኔት ሲኖር ነዋ! ያን ሁሉ ወር ከወዴት ባወረድሁት ነበር?»

ተማሪው ዝም አለ።

የመምህሩ አባት በደራ ገጠር ይኖሩ የነበሩ ገበሬ ናቸው። መስመሩ ከመቋረጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ታናሽ ወንድሙ የአባታቸውን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ልኮለት ነበር። ቃሉ 47 ሰከንድ ነው፤ አንድ በሬ መክሳቱን፥ ዝናቡ መዘግየቱን ይናገራል፥ በመጨረሻም ልጃቸውን በሕፃንነት ስሙ ጠርተው ይመርቁታል። አባቱ ያረፉት ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ወራት ነው። መምህሩ ከለቅሶው ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሌሊት ያን 47 ሰከንድ ሲሰማ አድሯል፤ ሊሰማው የቻለውም ቅጂው በስልኩ ውስጥ ስለ ነበረ ብቻ ነው።

የሚያስደንቀው የክብደቱ ነገር ነው። በጥሩ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በቴሌግራም የተላከ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ግን አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ማን እንደ ላከው የማይታወቅ አንድ የበዓል መልካም ምኞት፥ ርችትና ጽጌረዳ የሚፈነዳበት፥ ከአባቱ ምርቃት መቶ እጥፍ ስፍራ ይዞ ተገኘ።

ከዘንዘልማ በማይርቁት በጣና ደሴቶች ካሉት የብራና መጻሕፍት አያሌዎቹን በ1968 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ በጀርመን አገር ያስተምር የነበረ ሊቅ በማይክሮፊልም አንሥቷቸዋል፤ ዝርዝራቸውም በዚያው አገር ታትሟል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን «ፊልሙ በውጭ አገር አለልን» ብሎ ብራናውን ከዕቃ ቤት ያወጣ መነኩሴ አልተሰማም። መምህሩም ይህን ለተማሪው በነገረው ጊዜ ልጁ ሳቀ፥ ወዲያውም ከባሕር ዳር አንድ ሚሞሪ ካርድና አንድ ፍላሽ ገዝቶ መጣ።

ድምፁን ከቴሌግራም አውጥተው በሁለቱም ላይ ገለበጡት፤ ሚሞሪም እንደ ብራና ዕድሜ የለውምና አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ሁለቱም መክፈታቸውን፥ ድምፁም እስከ መጨረሻው መሰማቱን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ዘጠኙን ጊጋባይት ጠረገው፤ ቴሌግራም ከእንግዲህ ሳይታዘዝ ቪዲዮ እንዳያወርድም ዘጋው። የባንኩ መተግበሪያ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታደሰ።

ማታ መምህሩ ፍላሹን በወረቀት ጠቅልሎ፥ በላዩም «የአባባ ድምፅ፥ 2015» ብሎ ጽፎ፥ የአባቱ የመሬት ደብተር ካለበት ሣጥን ውስጥ አኖረው። ሚሞሪውን በማግሥቱ ወደ ደራ በሚሄድ ሰው እጅ ለታናሽ ወንድሙ ላከለት።