ከማርማላታው በስተጀርባ

በእንግሊዝ አገር የገጠር ሴቶች ማኅበር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ማርማላታና ኬክ ነው። «የሴቶች ኢንስቲትዩት» የሚባለው ይህ ማኅበር ግን የተወለደው በካናዳ ነው፤ መነሻውም ሐዘን ነበር። አዴሌድ ሁድለስ የተባለች ካናዳዊት እ.ኤ.አ. በ1889 ሕፃን ልጇ ሞተባት፤ ሰበቡ የተበከለ ወተት ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ እናቶች የንጽሕናና የምግብ አያያዝ ትምህርት እንዲያገኙ ስትሟገት ኖረች። በ1897 በኦንታሪዮ፣ ስቶኒ ክሪክ ላይ የመጀመሪያው ማኅበር ሲቋቋም 101 ሴቶችና አንድ ወንድ ተገኙ። ስብሰባውን የመራው ያው አንዱ ወንድ፣ ገበሬው ኤርላንድ ሊ ነበር።

ሐሳቡን ወደ ብሪታንያ ያሻገረችው ሌላዋ ካናዳዊት ማጅ ዋት ናት። መጀመሪያ ላይ ሰሚ አላገኘችም። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ከባሕር ማዶ የሚገባው እህል ሲያሰጋ ግን የገጠር ሴት ጓሮ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በመስከረም 1915 የመጀመሪያው የብሪታንያ ማኅበር በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት፣ ሙሉ ስሙ 58 የላቲን ፊደላት በሚፈጀው የላንቫይርፑል መንደር ተመሠረተ። አባላቱ የኮሚቴ መሪዎቻቸውን በድምፅ ሲመርጡ፣ አገሪቱ ለአንዳቸውም የፓርላማ አባል የመምረጥ መብት ገና አልሰጠችም ነበር። መብቱ በ1918 ሲመጣ እንኳ ከ30 ዓመት በታች ያሉት ቀሩ።

በ1917 ማኅበራቱ በብሔራዊ ፌዴሬሽን ተሰባሰቡ፤ ሌዲ ዴንማን እስከ 1946 መራችው። ማርማላታው ዝናውን ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። መንግሥት ስኳር ሲያቀርብ፣ ሴቶቹ ከ1940 እስከ 1945 ከ5,000 ቶን በላይ ፍራፍሬ ከብልሽት አዳኑ። ማርማላታው እየተንተከተከ ሌላም ሥራ ነበራቸው፦ በ1943 ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈል ብለው ወሰኑ።

ቅሬታም አልጠፋም። በዌልስ መንደር የተጀመረው ማኅበር ሥራውን በእንግሊዝኛ ስለሚያካሂድ፣ የፓርክ መንደር ሴቶች በ1967 ተገንጥለው በዌልሽኛ የሚሠራ «መርኸድ ኧ ዋውር» የተባለ ማኅበር መሠረቱ።

በ2000 ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር በዌምብሌይ 10,000 ለሚሆኑ አባላት ንግግር አደረገ። ንግግሩ የምርጫ ቅስቀሳ መስሎ ስለተሰማቸው በዝግታ እያጨበጨቡ አቋረጡት። ማኅበሩን በማርማላታው ብቻ የሚመዝን ፖለቲከኛ ወደ መድረኩ ከመውጣቱ በፊት ይህን ታሪክ ቢያነብ ይጠቅመዋል።