ቡናው ይፈላ፤ ተጫዋቹም ይናገር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በየዩኒቨርሲቲው ተበትነን የነበርን የሞርሲቶ ልጆች ቤት ገባን። ዝናቡ ከቤት አያስወጣ፣ ሥራ የለ፤ ታዲያ ምን ይዋጠን? «ለምን ጽሑፍ የሌለው ትያትር አንጫወትም?» አለ ከመካከላችን አንዱ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይሰጠዋል፤ የቀረውን እንደ መጣለት ይናገራል። ተመልካች አልፈለግንም፤ የምንጫወተው ለራሳችን ነው። ይህን የምንጽፈው ሦስታችን መሪዎች ሆንን።

ታሪኩን ከሩቅ አላመጣነውም፤ የአንድ መንደር ሴቶች ዊጆ ነው። ዊጆን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሴቶች ጥቂት ጥቂት ቅቤ እያዋጡ ለባለተራዋ በአንድነት የሚያስረክቡበት ማኅበር ነው። የመስከረሙ ያሆዴ ሲደርስ ለአታካናው የሚሆነው ቅቤ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይወጣል። ስለዚህ የጠዋት ቡና፣ እንሰት ፍቂያ፣ ቅቤ ማስረከቢያና ገበያ የየዕለቱ ትዕይንቶች እንዲሆኑ ወሰንን።

በመጀመሪያው ማታ ነጻነት ሰጠን። «እንደፈለጋችሁ!» አልን። እንዴ! ገና አቦሉ ሳይቀዳ የቤቱ ታላቅ ልጅ «ደቡብ አፍሪካ ሄጃለሁ» ብሎ ከክበቡ ወጣ። ወንድሙ ተከተለው። ጎረቤቱም «እኔስ ምን አጣሁ?» አለና ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፈተ። አባወራው በሬውን ሸጦ ለደላላ ከፈለና እሱም ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በመንደሩ የቀሩት አንዲት እናትና አንድ ጀበና ሆኑ። ሳቅን፤ ጨዋታው ግን አለቀ። ከሆሳዕና ዙሪያ ስንት ወጣት በዚያው መንገድ እንደ ሄደ ሁላችንም ስለምናውቅ ሳቁም ቶሎ ጠፋ።

በሁለተኛው ማታ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥን። ወረቀት አውጥተን ትዕይንቱን በደቂቃ ሸነሸንነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከዚያ ፍቂያ፤ ከዚያ ገበያ። ማንም ከመንደር አይወጣም። ሁሉም የታዘዘውን አደረገ፤ ሁሉም አዛጋ። «ይሄማ ቀን ቤታችን የምንሠራው ነው፤ ለምን እዚህ መጣን?» አለች አንዷ። መልስ አልነበረንም።

ጥፋቱን ያጠፋነው በሦስተኛው ማታ ነው። ያን ዕለት ታላቁን ልጅ የሚጫወተው ጓደኛችን አልመጣም። እናት ሆነው የሚጫወቱት ጎረቤታችን፣ ከእኛ ጋር ለመሳቅ የገቡ ትልቅ ሰው፣ ለተቀመጡት አራት ሰዎች ቀዱና አምስተኛ ስኒ ሞልተው በባዶው መቀመጫ ፊት አኖሩ። ዝም አሉ። ሰዓት አልፎን ነበር፤ ቅቤ ማስረከቢያው ይጠብቃል። ከእኛ አንዱ አጨበጨበና «እማማ፣ እዚያ ሰው የለም እኮ! በሉ ወደ ዊጆው እንለፍ!» አለ። «እሺ ልጆቼ» ብለው ስኒውን አነሱ። ቡናውን ደፉት። በማግሥቱ አልመጡም።

ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቶ ድምጹ ከጠፋ ወራት ተቆጥረው ነበር። ከተማችን ትንሽ ናት፤ እናውቅ ነበር። እያወቅን ነው ሰዓት የቆጠርነው።

አፍረን ተቀመጥን። ከዚያ ስለ ጨዋታው ማንበብና መከራከር ያዝን። የጥንቶቹ የጣሊያን ተዘዋዋሪ ተዋንያን ቃል አይሸመድዱም ነበር፤ የነበራቸው ማን መቼ እንደሚገባና ምን እንደሚሆን የሚናገር አጭር ዝርዝር ነው። ፍላሚኒዮ ስካላ በ1611 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ 50 ዝርዝሮች አሳትሟል። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ደግሞ በፎረም ትያትሩ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ በተበዳዩ ቦታ እንዲገባና ሌላ መንገድ እንዲሞክር ፈቀደ፤ ታሪኩ ግን አስቀድሞ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይታያል። ምን ሩቅ አስኬደን? በእኛው አገር የበላ ልበልሃ ሙግት አከፋፈቱ በወግ የታሰረ ነበር፤ ክርክሩ ግን የተሟጋቹ ነው።

ከሦስቱም የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ የታወቀው ከሌለ አዲሱ አይታይም። በየማታው አራት ስኒ መቀዳቱን ባናውቅ ኖሮ አምስተኛው ምንም ባልነገረን። የቡናው ልማድ ለእማማ መናገሪያ ሆናቸው። አፋቸውን የያዝነው እኛ ነን፣ በሰዓታችን።

ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። «ጨዋታ አይደል እንዴ፤ ምን ይቅርታ አለው?» አሉ። በማታው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ደንብ ብቻ ያዝን። አንደኛ፣ የዕለት ትዕይንት ይመላለሳል፤ ግን በተመላለሰ ቁጥር ከተጫዋቾቹ አንዱ አንድ ነገር ይለውጣል፦ ስኒ ይጎድላል፣ ቅቤው ይቀንሳል፣ እንግዳ ይመጣል። የሚለውጥ ካልተገኘ መሪው «ቡናው ተጠጣ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ተጫዋች በራሱ ሰው ላይ ይወስናል እንጂ በሌላው ላይ አይወስንም፤ «አንተ ሞተሃል» ማለት ክልክል ነው። ሦስተኛ፣ መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ መንደሩ ግን እዚያው ይቆያል። ሂያጁ ከክበቡ ውጭ ተቀምጦ ያለ እሱ የሚሆነውን ያያል፤ በየማታው አንድ ጊዜ ስልክ መደወል ይችላል።

በመጨረሻው ማታ ታላቁ ልጅ እንደገና ሄደ። ከክበቡ ውጭ ተቀምጦ ስኒው በባዶ ቦታው ፊት ሲቀመጥ አየ። ስለ ሱቁ ሊያወራ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሲደውል ግን «የእኔን ቡና ማን ይጠጣዋል?» ብሎ ጠየቀ።

እማማ ሳቁ። «እስኪበርድ ይቆይሃል፤ ከዚያ እኔው እጠጣዋለሁ» አሉ።

ከመሪዎቹ ማንም አላጨበጨበም። ቅቤ ማስረከቢያው ያን ማታ ሳይደርስ ቀረ።

እናንተም ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትገቡ ብትሞክሩት እንወዳለን። ከመጀመራችሁ በፊት ግን መሪ የሚሆነው ሰው ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ይክተት።