«ይሠራል፤ አትንካው!»

ሶፍትዌር የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የሚፈራ ፋይል አያጣም። የጻፈው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል፤ ለምን እንደዚያ እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ይሠራል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ከፍቶ መነካካት ሲጀምር ከወዲያኛው ጠረጴዛ ድምፅ ይመጣል፦ «ኧረ እሱን አትንካው!» መጻሕፍቱ ኮድን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚፈትነው ስለ ዩኒት ቴስት ሲያወሩ ጥራት ጥራት ይላሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ነገሩ የተፈለገው ይህን ፍርሃት ለማስታገስ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ፈንክሽን ትይዝና «ይህን ስሰጥሽ ይህን መልሺ» ትላታለህ። ያልካትን ካልመለሰች ማሽኑ ይጮኻል። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የምትቀይር ፈንክሽን እንውሰድ። ጀማሪ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ይጽፋታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያዋጣዋል። ነገር ግን 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ይህቺን ቀን ቴስት አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ኮዱን እንዳሻው ገልብጦ ቢጽፈው፣ ጳጉሜን 6ን የዋጣት ዕለት ወዲያው ይነገረዋል። ያላስቀመጠው የሚነገረው በአራት ዓመቱ ነው፤ ያውም በደንበኛው፣ ያውም በበዓል ቀን።

ይህን ልማድ ወግ ያስያዘው ኬንት ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስሞልቶክ ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኤስዩኒት የተሰኘች ትንሽ መሞከሪያ ጻፈ። በ1997 ደግሞ ከፕሮግራመሩ ኤሪክ ጋማ ጋር ከዙሪክ ወደ አትላንታ ለጉባኤ ሲበር (ሌላ ሰው ቢሆን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛ ነበር) ሁለቱ ላፕቶፕ ከፍተው ያንኑ ሐሳብ በጃቫ ጻፉት። ጄዩኒት የተወለደው እዚያ አየር ላይ ነው። የሚገርመው፣ መሞከሪያውን ሲጽፉም ቴስቱን እያስቀደሙ ነበር። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ መስመር ማሳየቱ ሱስ ሆነና ቋንቋው ሁሉ የየራሱን ቀዳ። ፓይተን በ2001 ሲቀበለው የስም አጻጻፉን እንኳ አልቀየረም፤ ዛሬም የፓይተን ሰው በዚያው መሞከሪያ ቴስት ሲጽፍ ፊደሎቹን በጃቫ ደንብ ይደረድራል።

ቤክ ራሱ «ፈጠርኩት» አይልም። ልጅ ሳለ ባነበበው የቆየ መጽሐፍ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ሊያወጣ የሚገባውን ውጤት አስቀድመህ ቴፕ ላይ በእጅህ ጻፍ፤ ከዚያ ኮድህ ያንኑ ቴፕ እስኪያወጣ ድረስ ሥራ የሚል ምክር እንደነበረ ይናገራል። እሱ ያስታወሰውን ሌላው ረስቶት ነበር ማለት ነው።

ልማዱ በደንብ የታሸው ክራይስለር የመኪና ፋብሪካ ውስጥ፣ በደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌር ላይ ነው። ከደመወዝ የበለጠ ለፈተና የሚመች ሥራ አላውቅም፤ ሳንቲም ብትጎድል የሚጮኽ ሰው አለና። ሲስተሙ በ1997 ለ10,000 ያህል ሠራተኞች መክፈል ጀመረ፤ በ2000 ግን ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ቴስት ኮድን እንጂ የአለቆችን ሐሳብ አይፈትንም።

ነገሩን ቀድሞ ያቀዘቀዘው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ነበር። በ1969 ሮም ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን አያሳይም አለ። አዋቂ ሲያደርቅህ ያናድዳል፤ ግን እውነቱን ነው። ከላይ ያልናትን ፈንክሽን «ከዘመነ ሉቃስ ማግስት 12፣ አለዚያ 11» ብለህ ብታስተካክላት ቴስቶችህ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናሉ። ፈረንጆቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘልላሉ፤ እኛ የምንዘልለው የለንም። ስለዚህ የ2093 ዓ.ም. መስከረም 1፣ ከፊቱ ጳጉሜን 6 ሳትኖር ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የ2016ቱ ቴስት ያን ጊዜም አረንጓዴ እንደሆነ ነው። የ2093ቱን መጨመር የሁለት መስመር ሥራ ነው፤ አለቃህ ግን «እስከዚያ ማን ይኖራል?» ይልሃል።