ለወፍ የሚሆን ሌንስ

ሸዋ ሮቢት ላደግን ሰዎች ወፍ ማለት በመጀመሪያ ግሪሳ ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ እየወነጨፍን፣ ጅራፍ እያጮኽን እንውል ነበር። መንጋው ካረፈ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ያልቃል። ስለዚህ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ለወፍ ፎቶግራፍ የሚሆን ሌንስ ግዢልኝ ስትለኝ፣ ከዋጋው ይልቅ ያስጨነቀኝ ነገሩን ለአባቴ እንዴት እንደምነግራቸው ነበር።

ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው «በዚህ ገንዘብ እኮ ጥማድ በሬ ይገዛል» አሉ። እውነታቸውን ነው።

እኔ ግን በስልኳ የምታነሳቸውን ወፎች አይቻለሁ፤ ነጥብ ነው የሚያህሉት። ስልክ ከሩቅ አቀርባለሁ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ቆርጦ ማተለቁ ነው፣ ላባ አይለይም። ለትንንሽ ወፎች ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ 400 ከሆነ ያረካል። የልጄ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ የሆነ ካኖን ስለሆነ ደግሞ 400ው እንደ 640 ያህል ያቀርባል። ስለዚህ አዲስ ካሜራ ከመግዛት ገንዘቡን ለሌንሱ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ።

ሻጮች ብዙ ብርሃን የሚያስገባውን፣ 2.8 የሚባለውን ያሞግሱላችኋል። ለጥቅጥቅ ጫካ ይጠቅም ይሆናል። የይፋት ቆላ ግን ፀሐይ አይቸገርም፤ 5.6 ወይም 6.3 የሆነው፣ ርካሹና ቀላሉ ይበቃል። ክብደቱንም አስቡት። እስከ 600 የሚደርሱት ሌንሶች ብቻቸውን 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ።

ያገለገለ 400 ገዛን። ከመክፈላችን በፊት በመስታወቱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርተን ሻጋታ እንደሌለው አየን፤ ከመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ጽሑፍ አንስተንም ስክሪኑ ላይ አተለቅነው። ፊደሉ ጥርት ብሎ ተነበበ።

ሮቢት ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀቱ ነው። መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፤ የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢሆን ሩቅ ያለውን ያደበዝዘዋል። የሚሠራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ቁርስ። ለሚበር ወፍ ፍጥነቱን 1/2000 ሴኮንድ ላይ ታደርገዋለች። ለመደገፊያ በጨርቅ ከረጢት ማሾ ሞልታ የመኪናው መስኮት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ማሾው ከአያቷ ጎተራ ነው፣ ሲመለስ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነግሬያታለሁ። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ነገር ይመስላል። ወደ ድልድይ፣ ወደ ማረሚያ ቤት አይዞርም፤ የሰው ማሳም ሳይጠየቅ አይገባም። ለዚህ ሲባል አባቴ አብረዋት መሄድ ጀመሩ። እሳቸውን የማያውቅ የለም።

በመንገድ ላይ የምትነግራቸውን ሳይወዱ አልቀሩም። ጣሊያናዊው አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልት ማረፊያ ተቀምጦ ወፍ ሲሰበስብ (እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ነው የሞተው) መሣሪያው ጠመንጃ ነበር። ከአልዩ አምባ በታች፣ መልካ ጀብዱ ደግሞ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ብቻ ያለች፣ ጉሮሮዋ ላይ ትንሽ ቢጫ ያላት ደብዛዛ ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ1888 ስም ከወጣላት በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ጠፍታ በ1989 ዳግም ተገኘች። ያንን ቢጫ ያለ ሌንስ ለመለየት በጣም መቅረብ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አታስቀርብም። ልጄ እስካሁን አላገኘቻትም።

ያገኘችው ግሪሳን ነው። የማሽላ ራስ ላይ እንዳለ አንስታ ስክሪኑን ለአያቷ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አደረጉ። «ምንቃሩ ቀይ ነው እንዴ?» አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያባረሩት ወፍ ነው።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆኗል። መንጋው ሲመጣ አባቴ ጅራፋቸውን ያነሳሉ፣ ልጄ ደግሞ ካሜራዋን ደቅና «አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ!» ትላለች። እስካሁን ድረስ ይቆያሉ፤ ማሽላው ሲደርስ ግን አላውቅም።