በቀን ሦስት ዳይፐር

ልጁ ማልቀስ የጀመረው ማክሰኞ ማታ ነው። ረሃብ እንዳይባል ጡት ሲሰጡት ይገፋል። ትኩሳት እንዳይባል ግንባሩ ቀዝቃዛ ነው። ዳይፐሩ ሲፈታ ነገሩ ታየ። ከብሽሽቱ እስከ መቀመጫው ቆዳው በርበሬ መስሏል፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ተልጦ እያዠ ነው።

ስምንት ወሩ ነው። እናቱ መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ መሬት ላይ ሸራ ዘርግታ የሕፃናት ካልሲና ቲሸርት ትሸጣለች። ልጁን አዝላ ጠዋት ትወጣለች፣ አዝላ ማታ ትገባለች። ዳይፐር የምትገዛው በእሽግ ሳይሆን በፍሬ ነው፤ ለዛሬ ዛሬ፣ ለነገ ነገ። በቀን ሦስት ፍሬ፦ አንድ ለጠዋት፣ አንድ ለከሰዓት፣ አንድ ለሌሊት። አራተኛው የእራት ወጥ ነው።

በዚያ ሳምንት የተደረገው ሁሉ ብዙ ቤት የሚደረገው ነው። የግቢው ትልቅ ሴት፣ ሁሉም እማማ የሚሏቸው፣ “ቅቤ ቀቢው የኔ ልጅ፣ እኛ ስንቱን በቅቤ አሳደግን” አሉ። ቅቤ ተቀባ። ጎረቤቷ ፓውደር አመጣች፤ ፓውደር ተነሰነሰ። ሐሙስ ዕለት እናቲቱ ወደ አንድ መድኃኒት መሸጫ ገብታ “ልጄ ቆስሎብኝ ነው” አለች። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወጣት ልጁን ሳያይ አንዲት ቱቦ አውጥቶ “እናት፣ ይቺን ቀቢው፤ ለሁሉም ትሆናለች” አላት።

በእርግጥም በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ቀነሰ። እናቲቱ መረቀችው። በአምስተኛው ቀን ግን ቁስሉ ብሶበት ተመለሰ። አሁን በብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ደም የመሰለ ቅላት አለ፤ ከዋናው ቁስል ራቅ ብለው ደግሞ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ሆዱ ላይ ወጥተዋል።

ጤና ጣቢያ የተገኘችው ሲስተር ቱቦውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ልጁን አየች። ከዚያ ጠየቀች፦ “በቀን ስንት ጊዜ ትቀይሪለታለሽ?”

“አምስት” አለች እናቲቱ።

ሲስተሯ ዝም ብላ መጻፏን ቀጠለች።

“ሦስት” አለች እናቲቱ ቀስ ብላ። “ሲብስ ሁለት።”

ቁጣ ጠብቃ ነበር። ሲስተሯ አልተቆጣችም። “አየሽ እህቴ፣ ይሄ የቆሻሻነት በሽታ አይደለም። የእርጥበት በሽታ ነው” አለቻት።

እውነቱም ይኸው ነው። ሽንትና ካካ አንድ ላይ ታሽገው ሲቆዩ ሽንቱ የቆዳውን የተፈጥሮ አሲድነት ያዛባል፤ ያን ጊዜ ካካው ውስጥ ያሉት ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች ይነቁና የሕፃኑን ቆዳ መብላት ይጀምራሉ። ላይ ላዩን የዳይፐሩ ፍትጊያ አለ። ቆዳው ለጥቂት ቀናት ተልጦ ከቆየ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ይገባበታል። እጥፋት ውስጥ የሚገባው ደማቅ ቅላትና ዙሪያውን የሚወጡት ነጠብጣቦች የእሱ ምልክት ናቸው። ፈንገስ ደግሞ በቅቤ አይድንም፤ በፀረ ፈንገስ ቅባት፣ በክሎትሪማዞል ወይም በኒስታቲን ነው የሚድነው።

ታዲያ “ለሁሉም ትሆናለች” የተባለችው ቱቦ ምን ነበረች? ጠንካራ ስቴሮይድ። ስቴሮይድ ቅላቱን ያበርዳል፤ ስለዚህ መድኃኒት የሠራ ይመስላል። ከሥር ግን የቆዳውን መከላከያ አዳክሞ ለፈንገሱ ሜዳውን ይለቅለታል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ በዳይፐር ሲሸፈን ደግሞ የተቀባውን አብዝቶ ይመጣል። ለሳምንታት ከተቀባ ቆዳውን ያሳሳል፤ ወደ ደም ገብቶም የሰውነትን ሆርሞን እስከ ማዛባት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከባንኮኒ ላይ የሚወርድ አልነበረም።

ፓውደሩም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ሲነሰነስ የሚቦነው ብናኝ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ እጥፋት ውስጥ ተጋግሮ ይፈትጋል። “ፓውደር ምን ያመጣል” ለሚል፣ ዓለም የከፈለችበት ትምህርት አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ታልክ ሞራንዥ በሚባል የሕፃናት ፓውደር ውስጥ ሄክሳክሎሮፊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ኬሚካል በስህተት በከፍተኛ መጠን ተቀላቀለ። ከ200 በላይ ሕፃናት ተመረዙ፤ 36ቱ ሞቱ። ኬሚካሉ የገባው በዚሁ በቆሰለ መቀመጫቸው በኩል ነው። ይህ የሆነው ፋብሪካና ቁጥጥር ባለበት ሀገር፣ ስም ባለው ማሸጊያ ነው። መለያው ተልጦ ከቦንዳ የሚወጣውን እቃ ማን ያየዋል?

ሲስተሯ ለእናቲቱ የነገረቻት ብዙ ብር የሚጠይቅ አልነበረም። ካካ ባለ ቁጥር ወዲያው ቀይሪ፤ ሽንቱ ጥቂት ቢዘገይ እንኳ ካካው አይቆይ። በለብ ያለ ውኃና በጥጥ እጠቢው፤ ሽቶ ያለው ሳሙናና እርጥብ ሶፍት ይቅር። አትፈትጊው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ አድርቂው። መጀመሪያ ፀረ ፈንገሱን በስሱ ቀቢ፤ ከላዩ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ለስኚው፤ ግድግዳ እንደሚለሰን። በሚቀጥለው ቅያሪ ቆሻሻውን ብቻ አንሺ፣ ቅባቱን ሁሉ ፍቄ ላውጣ አትበይ። በቀን ደጋግመሽ ዳይፐሩን አውልቀሽ አየር ይንካው። ቤት ስትሆኚ ጨርቅ አድርጊለት፤ ዳይፐሩን ለገበያ ቆጥቢ። ጨርቁን ቀቅለሽ፣ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ ስጪው።

ትኩሳት ካመጣ፣ መግል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ከታየ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ለውጥ ከሌለ ግን ተመልሰሽ ነይ፤ ጎረቤት አትጠይቂ።

ምክሩ ጥሩ ነው። አሁን ይህን ምክር ይዘን ወደ መርካቶ እንመለስ።

“ደጋግመሽ ቀይሪ” ሲባል፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዳይፐር ከውጭ ይመጣል፤ እዚህ የሚመረተውም ቢሆን ሽንት የሚመጥበት ጥሬ ዕቃ በዶላር ነው የሚገዛው። በዜና “የምንዛሪ ማሻሻያ” ተብሎ የተነገረው ነገር አንድ ሕፃን ላይ ሲደርስ አራተኛዋ ዳይፐር ሆኖ ነው የሚቀረው።

“አለቅልቂው” ሲባል፦ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ያውም ለግቢው ሁሉ በአንድ ቧንቧ። የመጣ ቀን ሌሊት ተነስቶ መቅዳት አለ።

“አየር ይንካው” ሲባል፦ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ሸራዋን ጠቅልላ፣ ልጇን አንጠልጥላ የምትሮጥ ሴት የት አውልቃ ታስተኛው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለተቀጠረች እናት 120 ቀን የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። ሸራ ላይ ለምትሸጥ ግን አሠሪ የላትም፤ ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጣትም የለም። ቀኑን የዋለችበት ቦታ ደግሞ ልጅ የሚቀየርበት አንዲት ጠረጴዛ እንኳ የሌለው፣ በየዕለቱ ስንት ሺህ ሰው የሚገባበት ገበያ ነው።

ስለዚህ የቆሰለ መቀመጫ ያየ ሰው “ምን ዓይነት እናት ናት” ከማለቱ በፊት ሒሳቡን ይሥራ። መንግሥትም ከሚችላቸው ነገሮች ይጀምር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 አለ፤ ጠንካራ ስቴሮይድ ልጁ ሳይታይ እንዳይሸጥ ለማድረግ ሌላ አዋጅ አያስፈልግም፣ ባንኮኒው ድረስ ወርዶ ማየት ነው የሚያስፈልገው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየግቢው ይዞራሉ፤ ስለ ክትባት ሲናገሩ ስለዚህም ሁለት ደቂቃ ይናገሩ። ገበያ ሲታደስ ለእናቶች ውኃ ያለው አንድ ክፍል ይታሰብ። የሕፃን ዳይፐር ላይ የሚጣለው ግብርም ከቅንጦት ዕቃ ተለይቶ ይታይ።

እናቲቱ ያን ማታ አሮጌ የጥጥ አንሶላ ቀዳ አሥራ ሁለት ጨርቅ አወጣች። እማማ ውኃ አፈሉላት። በማግስቱ ሰባተኛ፣ ከካልሲዎቹ ኋላ ካርቶን አንጥፋ ልጁን በሆዱ አስተኛችው፤ መቀመጫው ለአየር ክፍት ነው። አላፊው ሁሉ “ኧረ ልጁን ይበርደዋል! አልብሺው እንጂ!” እያለ ያልፋል።

“እየታከመ ነው” ትላለች፤ እጇ ካልሲ እየቆጠረ፣ ዓይኗ ደንብ አስከባሪ ከሚመጣበት ጥግ ሳይነሳ።

በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። ልጁ አሁን ሌሊት ይተኛል። ዳይፐሩ ግን ዛሬም በቀን ሦስት ነው።