መሣሪያ መሥራት ላማረው ወጣት

በአማርኛችን «መሣሪያ» የምትባለው ቃል ባለ ሦስት ቤት ናት። ማረሻው፣ መጋዙ፣ ሞርሳው መሣሪያ ነው። ክራሩና ማሲንቆው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ጠመንጃውም መሣሪያ ነው። ነገር ግን «እገሌ መሣሪያ አለው» ሲባል ክራር የሚጠረጥር የለም። ቃሉ ያለ ቅጽል ብቻውን ሲቆም ወደ ጠመንጃው ያዘነብላል። «መሥራት» ከሚለው ግሥ የተወለደ ቃል ከሠሪው ይልቅ ለተኳሹ ማደሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኔ በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ጉዳዩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቃሊቲ ሲባል ለብዙ ሰው አስቀድሞ ትዝ የሚለው ወኅኒ ቤቱ ነው፤ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን ሰፈራችን የብረት ሰፈር ነው። ለረጅም ዘመን «አቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች» በሚል ስም የታወቀው ፋብሪካ የቆመው እዚሁ ነው። ጋራዡ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ቶርኖ ቤቱ ጎን ለጎን ተደርድሮ ሲያፋጭና ሲያቃጭል ይውላል። ከውጭ የማይመጣ ወይም መጥቶ ዋጋው የማይቀመስ የመኪና ዕቃ ቢጠፋብህ፣ ናሙናውን ይዘህ ከሄድክ ቀርጾ የሚሰጥህ ልጅ አታጣም።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። 22 ዓመቱ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን የምለው ስለማዝንለት ሳይሆን አሠሪዎቹ ስለሚሻሙበት ነው። በቅርቡ ስልኩን ዘርግቶ አንድ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ክፍልፋዩን እየገዛ በጠረጴዛው ላይ ጠመንጃ ሲገጣጥም አሳየኝና «ጋሼ፣ ይኸ እኮ ለእኔ የአንድ ወር ሥራ ነው» አለኝ። ያስደነገጠኝ መመኘቱ አልነበረም፤ እውነቱን መሆኑ ነበር።

ምክንያቱን ስጠይቀው ያነሣብኝ አያቱን፣ የእኔን አባት ነው። አባቴ በወሎ ምድር አንድ ምንሽር ነበራቸው። በ1977ቱ ድርቅ ሸጡትና እህል ገዙበት። «ብረት አይቆረጠምም» ማለታቸው እስከ ዛሬ በቤታችን ይነገራል። ልጆቹ ተረፉ፤ ከተረፉት አንዷ የዚህ ልጅ እናት ናት። እርሱ ግን ከታሪኩ የያዘው እህሉን ሳይሆን ባዶ የቀረውን ግድግዳ ነው። «ግድግዳው ላይ እመልሰዋለሁ» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለእርሱና ለመሰሎቹ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ አስቀድመህ የጠመንጃዎቻችንን ስም አድምጥ። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ቤልጅግም የአገሩ የቤልጅግ ስም ነው። አባቶቻችን የዘፈኑላቸው፣ የፎከሩባቸው፣ ከልጅ እኩል የሳሱላቸው ጠመንጃዎች ሁሉ ስማቸው የባዕድ ነው። በዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተተኮሰው ጥይት የተገዛ፣ የተማረከ ወይም ጣልያን ራሷ በወዳጅነት ዘመን የሰጠችው ነበር።

ከነጋዴዎቹም አንዱ ገጣሚ ነበር ብል የዚህ ገጽ አንባቢዎች አይደነቁም። አርተር ራምቦ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቅኔውን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ገባ። ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ዋጋውን ዝቅ አደረጉበት፤ የሞተው ሸሪኩ ዕዳም ከሒሳቡ ተቀነሰ፤ ቀሪው ሐረር ላይ ከመኮንን እጅ እንዲከፈለው ተጻፈለት። በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ያቺ የሐረር ሐዋላ ከቅኔው እኩል ትታየኛለች። የዓለምን ሥነ ግጥም የለወጠ ብዕር፣ መጨረሻው የጠመንጃ ቀሪ ሒሳብ መከታተል ሆነ።

«እንግዲያ የራሳችንን ብንሠራስ?» ትለኛለህ። ይህን ጥያቄ ካንተ በፊት የጠየቀ ንጉሥ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ይዘው ነበር፤ ሙያቸው መድፍ ማፍሰስ አልነበረም። «አናውቅም» አሉ። ንጉሡ አልሰሙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደግመው ደጋግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በመቶዎች ሰው እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው።

ከዚያስ? ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ተገጠመ። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። እንግሊዞቹ የያዙት አዲሱን ስናይደር ነበር፤ በጦር ሜዳ ሲሞከር ያ የመጀመሪያው ነው። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል የእኛ ሰዎች ወደቁ፤ ከእንግሊዞቹ በቁስላቸው የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ በራሳቸው ሽጉጥ ሞቱ፤ ሽጉጡም የእንግሊዝ ንግሥት ስጦታ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። አምሳያውን አዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ታየዋለህ።

ይህን የምተርከው በንጉሡ ሕልም ለመሣቅ አይደለም። ሕልሙ ትክክል እንደነበረ የኋላው ዘመን መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን ልትወረን ስትሰናዳ ኃያላኑ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣልያን የራሷን ትሠራ ነበርና ማዕቀቡ የነካው እኛን ብቻ ነው። መሥራት የማይችል አገር የሌላው ፈቃድ ጥገኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ በል፤ ቴዎድሮስ የጎደላቸው ድፍረት አልነበረም፤ የብረቱ ዕውቀት ነበር። ምን ዓይነት ብረት፣ በምን ሙቀት፣ ስንት ግፊት እንደሚችል የሚያውቅና የሚፈትሽ ተቋም ነበር የጎደለው። መድፉም ፈነዳ። አንተም በቶርኖህ የምትቀርጸው የወዳደቀ አክስል መልኩ ጠመንጃ ቢመስል ውስጡን ማን ፈተሸልህ? የጥይት ግፊት የሚፈነዳው ከፊትህ፣ ከጉንጭህ ሥር ነው። ያ የወርቅ እጅ ለአንድ ቅጽበት ስሕተት መያዣ አይሰጥም።

ሕጉም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን ይከለክላል፤ መጠገንም እንዲሁ ፈቃድ ይሻል። በስልክህ ያየኸው ሰው አገርም ቢሆን ነገሩ እንደሚመስልህ ልቅ አይደለም። በአሜሪካ ቁጥር ያልተቀረጸባቸውን፣ ቤት ውስጥ የተገጣጠሙ ጠመንጃዎች «የመንፈስ ጠመንጃ» ይሏቸዋል፤ ሰው ገድለው ሲገኙ ባለቤታቸው አይታወቅምና። ክፍልፋዮቹ በቀላሉ ወደ ጠመንጃ የሚለወጡ ከሆነ ቁጥር ይኑራቸው፣ የገዢውም ማንነት ይጣራ የሚል ደንብ በ2022 ወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በመጋቢት 2025 አጸናው። እንግዲህ አንተ የምትሠራው ጠመንጃ ስም የለውም ማለት ነው። ከግድግዳህ ወርዶ በሌላ እጅ ቢገባ፣ በማን ደጅ እንደሚጮኽ አታውቅም። በዚህ እኛ ባለንበት ዘመን፣ ወንድም ወንድሙን በሚያነጣጥርበት ዘመን፣ ይህ ባዶ ስጋት አይደለም።

ግን ልጁን የማውቀው ያህል፣ ሕጉም ፍንዳታውም ልቡን እንደማይደርሱት አውቃለሁ። የልቡ ነገር ሌላ ነው። ጠመንጃ ያዥ በእኛ ዘንድ ይከበራል፤ ብረት ቀጥቃጭ ግን ይናቃል። ማረሻውን ያለ እርሱ ማረስ የማይችለው ገበሬ ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በዐዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ቢያዩ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬ በቃሊቲ ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ ታክሲ የሚሳፈር ልጅ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እንዴት ሸሸት እንደሚል ያውቃል። የእህቴ ልጅ ጠመንጃ የተመኘው ሊተኩስ አይመስለኝም። በእጁ ሥራ ያላገኘውን ክብር በብረቱ ቅርጽ ሊያገኝ ነው። ያዘነው ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እርሱን የሚያይ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ለጀማሪ ምክር ካልኸኝ ምክሬ ይኸው ነው። ጠመንጃውን ተወው፤ ሙያውን አትተው። የብረትን ባሕርይ ተማር፤ ልኩን በዓይን ሳይሆን በመለኪያ መያዝ ልመድ፤ የሠራኸው ላይ ስምህን ቅረጽ። ስሙን ሊቀርጽበት የሚፈራውን ነገር ሰው ባይሠራ ይሻለዋል። የውኃ ፓምፕ ጥርስ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የእህል መውቂያ ምላጭ ሥራ። የአያትህ ምንሽር ከግድግዳ የወረደው ለእህል ነው፤ እህል የሚወቃ ማሽን ከእጅህ ቢወጣ አያትህ ያደረጉትን ቀጠልክ እንጂ አላፈረስክም።

ለእኛም ለታላላቆቹ አንድ ቃል ይቅር። ልጆቻችን ጠመንጃ እንዳያምራቸው ስንመክር፣ የሞርሳውንና የሊማውን ሥራ ቆመን ማየት፣ «እጅህ ይባረክ» ማለትም የእኛ ድርሻ ነው። እኔ በሚመጣው ቅዳሜ ከቶርኖ ቤቱ ደጅ ሄጄ፣ የሚሠራውን እስኪጨርስ ድረስ ቆሜ ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ።

ቸር እንሰንብት።