የቤተ ሰብን ደብዳቤ ከአሮጌ ኮምፕዩተር ወደ ዐዲስ ስለ ማዛወር

የቤት ዕቃ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካል፤ የዘመድ ደብዳቤ ግን ከጠፋ ምትክ የለውም። እኛ ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች በላሊበላ የምንኖር ስንሆን፥ በውጭ አገር ያረፈችው እኅታችን የላከችልን ኢሜይል ሁሉ በአሮጌው ኮምፕዩተራችን፥ ተንደርበርድ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መልእክቱም የሚመጣው ፖፕ በሚባለው ሥርዐት ስለ ነበረ፥ ወደ ቤታችን ከወረደ በኋላ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ያለው ግልባጭ ይሰረዝ ነበር።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ዐዲስ ኮምፕዩተር ገዛን። አስቀድመን ፕሮግራሙን ፈጽመን ዘጋን፤ ቀጥለንም ደብዳቤውና አድራሻው ሁሉ ያለበትን፥ ፕሮፋይል የተባለውን ማኅደር በሙሉ በውጭ ዲስክ ገለበጥን። ምስጢር ቃሉም በዚያው ስላለ ዲስኩን በሣጥን ቈለፍንበት። ዐዲሱ ፕሮግራም አንድ ጊዜ የከፈተውን ማኅደር አሮጌው መልሶ ለመክፈት እንቢ ስለሚል፥ ለዐዲሱ የሰጠነው ሁለተኛውን ግልባጭ ነው።

በፍርድ ቤት መዝገብን ከመዝገብ ማመሳከር ልማዳችን ነውና፥ የየክፍሉን የደብዳቤ ቍጥር ከአሮጌው ጋር አስተያየን። ልክ ሆኖ በተገኘ ጊዜ እናታችንን ጠርተን የእኅታችንን የመጨረሻ ደብዳቤ አነበብንላቸው፤ እሳቸውም «ድምፅዋን ሰማሁት» ብለው ዝም አሉ።

የብራና ጸሐፊ ዐዲሱን ከአሮጌው ሳያመሳክር ሥራዬ አለቀ አይልም። እንደዚሁም የቤተ ሰብ አለቃ የሆነ ሁሉ፥ ግልባጩን ሳያረጋግጥ ከአሮጌው ኮምፕዩተር አንዳች እንዳይደመስስ እናሳስባለን።